የአያ ሙላት ኮት

ጥናታችን ዓለም እንዴት እርስ በርስ እንደተሳሰረች የሚመረምር ነበር። ከጎንደር ሦስት ሆነን ኮሶዬ ወጣን፤ አንዱ ከኢኮኖሚክስ፣ አንዷ ከጂኦግራፊ፣ እኔ ከሶሲዮሎጂ።

አያ ሙላት የሚባሉ ገበሬ የሁለቱን ጥያቄ ሸጋ አድርገው መለሱ። እኔ፣ "ከውጭ አገር ሰው ጋር ይገናኛሉ?" ስላቸው ግን መልሱን ትተው የኮታቸውን ኪስ ዳበሱ። ጓደኞቼ እኔን አዩ፤ እኔ መጠይቄን።

በኋላ ከለበሱት ሰልባጅ ኮት ኪስ የአንዲት ፈረንጅ ሕፃን ፎቶ አወጡ።

"ኮቱን ስገዛ ኪሱ ውስጥ አገኘኋት። የሰው ልጅ ናት ብዬ ይኸው አስቀምጫታለሁ።"

ከሌላው ኪስ ሁለተኛ ፎቶ መዘዙ፤ ቤሩት ሄዳ ድምጿ የጠፋ ልጃቸው ናት።

"ይችን ደግሞ ወደዚያ በሚሄድ ኮት ኪስ ክተትልኝ፣ ልጄ።"

ከዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰልባጅ እንደሌለ እያወቅሁ ፎቶዋን ተቀበልኳቸው።