ከግነቱ ሥር አስምሩ

ባለቤቴ ሲቀበር የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ሳልተኛ ቆይቼ በአንድ ጠዋት ጻፍኩት። ሁለት መቶ ቅጂ ታትሞ ስልሳ ያህሉ ተረፈ። የተረፈው እስከ ዛሬ በፌስታል ተጠቅልሎ መኝታ ቤት ቁም ሳጥኑ ላይ አለ። ልጥለው አልቻልኩም፤ ላነበውም አቅም አላገኘሁም።

ላንጋታ ያለው መቃብሩ ድንጋይ አልቆመለትም ነበር። ድንጋይ የሚቀርጸው ኬንያዊ አማርኛ አያነብም፤ ፊደሎቹን እያየ እንደ ሥዕል ነው የሚቀዳቸው። «ማማ፣ ጽሑፉን እስከ ሰኞ ላኪልኝ» ብሎ በዋትሳፕ ከጻፈልኝ ሦስት ሰኞ አለፈ። የቀረው ከስሙና ከዘመኑ ሥር የሚገባ አንድ መስመር ብቻ ነው። ከሕይወት ታሪኩ «ተቆጥቶ የማያውቅ ሰው» የሚለውን ልወስድ አስቤ ነበር። እጽፈዋለሁ፤ ልልከው ስል አጠፋዋለሁ። ለምን እንደሆነ ራሴም አላወቅሁትም።

ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ለልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ክፍሉ የእሱ ነበር። ሲሞት ሽማግሌዎቹ «ለጊዜው አንቺ ያዥው» አሉኝ፤ ያ ጊዜ ዓመት ሊሞላው ነው። ሁርሊንግሃም ካለው ቤቴ በማታቱ ታክሲ ተሳፍሬ እሄዳለሁ፣ አስተምራለሁ፣ እመለሳለሁ። ከዚያ የሚበልጥ ነገር ከራሴ አልጠበቅሁም።

ባለፉት ሳምንታት አነጻጻሪና ተለዋጭ ዘይቤን ጨርሰናል። ሰውየው እንደ አንበሳ ነው ካልን አነጻጻሪ ነው፤ አንበሳ ነው ብለን ከቆረጥን ተለዋጭ። ቀጥሎ ግነት ነበር፤ ነገሩን ከልኩ አሳልፎ መናገር። ዐርብ ማታ ምሳሌ የሚሆን ምንባብ አጥቼ አልጋዬ ጠርዝ ላይ እንደተቀመጥኩ ዓይኔ ፌስታሉ ላይ ዐረፈ። ግነት የሞላበት አማርኛ፣ ለሁሉም በሚዳረስ ቁጥር የታተመ። ሰባት ቅጂ መዝዤ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ጥሩ ሐሳብ መስሎኝ አይደለም፤ ሌላ ለመፈለግ ስለታከተኝ ነው።

ወረቀቱን ሳድላቸው ፊት ገጹ ላይ የእሱን ፎቶ አይተው እርስ በርስ ተያዩ።

«አይዟችሁ፣ ጽሑፍ ነው» አልኳቸው። «የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ከግነቱ ሥር አስምሩ።»

መጀመሪያ እጇን ያወጣችው የሀብታሞቹ ሰፈር ሩንዳ ያደገችው የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። «ቲቸር፣ ይሄ! ‹ወደ እኅቱ አገር ለመሄድ ዐሥራ አንድ ዓመት ወረቀት ጠበቀ› ይላል። ማን ነው ኢለቨን ይርስ የሚጠብቀው? ግነት ነው።»

አጠገቧ የተቀመጠችው የስደተኛ ቤተሰብ ልጅ ከወረቀቷ ቀና ሳትል «እኛ ዘጠኝ ሆኖናል» አለቻት።

ልጅቷ መስመሯን በላጲስ አጠፋች።

ከዚያ አንዷ «ተቆጥቶ የማያውቅ ሰው» የሚለውን ጮክ ብላ አነበበች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ዌ! ጋሼ? ጋሼ ነው ተቆጥቶ የማያውቀው?»

«አሊኩዋ ሙካሊ!» አለች ሌላዋ በስዋሂሊ፤ ኃይለኛ ነበር ማለቷ ነው። ተነሥታ በሩ ጋ ቆመችና ሰዓት ያላሰረ እጇን እያየች ድምፅዋን አጎረነነች። «ሦስት ሰዓት ከአምስት ሦስት ሰዓት ነው እንዴ፣ እመቤቲቱ? የመኪና ጃም ነው አልሽ? ጃሙ ትናንትም ነበር! ለምን ቀድመሽው አትነሺም?»

እሱ ነበር። «እመቤቲቱ» ሲል ቅንድቡን ማንሣቱ እንኳ አልቀረም። በቀብሩ ላይ ከተናገሩት፣ ሊያጽናኑኝ ቤቴ ከተመላለሱት መካከል ይህን ሰው ያነሣልኝ አልነበረም። እንዴት ያንሡት? በዚያ ወረቀት ተቆጥቶ አያውቅም ብዬ በሩን የዘጋሁባቸው እኔው ነኝ። እሑድ ጠዋት ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ደጅ ላይ ሲጮኽብኝ፣ ሆን ብዬ ነጠላዬን አጥፌ እንደገና እዘረጋ ነበር። አሁን የፈለግሁትን ያህል ልዘገይ እችላለሁ። የሚያስቸኩለኝ የለም።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሳቁ ቆመ።

«ቲቸር፣ ተናደድሽ?»

«አልተናደድኩም። ትክክል ናችሁ፤ አስምሩበት።»

«ታዲያ ለምን ጻፍሽው?» አለች የሩንዳዋ።

«ለቀብር ሲሆን እንደዚያ ስለሚጻፍ ነው።»

መልሱ እንዳላጠገባት ፊቷ ላይ አየሁ። እኔንም አላጠገበኝም።

ልጆቹ ሲበተኑ ከቀሩት ቅጂዎች አንዱን ገልብጬ በባዶው ጀርባ በትልልቅ ፊደል «ሰዓት ያከብር ነበር» ብዬ ጻፍኩ። እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ፣ ቀስ ብዬ። ፎቶ አንሥቼ ለድንጋይ ቀራጩ ላክሁለት።

ወዲያው ደወለ። «ማማ፣ ይኼው ነው? ሰዎች ብዙ ያስጽፋሉ እኮ። ምን ማለት ነው?»

ነገርኩት። «ሳዋ፣ እሺ» አለኝ። «ሰኞ እጀምረዋለሁ።»

ሦስት ሰዓት ላይ መጥቼ አየዋለሁ አልኩት። ሰኞ ጠዋት ላንጋታ መንገድ ላይ ጃም አይጠፋም፤ ቀድሜው መነሣት አለብኝ።