ዓብዱልባጊ እና ታኮው

ገዳሪፍ ውስጥ ዓብዱልባጊን የማያውቅ ሾፌር የለም፤ ምላሱን የማይፈራም የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰሊጥ የጫነባትን አሮጌ መኪና ለጋራዥ ሰጥቶ አያውቅም። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ፣ ከመስጊድ መልስ፣ ግቢው ውስጥ ያቆማትና ክሮቼራዎቿን፣ ማለትም ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ መጋጠሚያዎች፣ ግራሶ እንሞላለን። እንሞላለን ስል እሱ ይቆጣል፣ እኔ ከሥር እገባለሁ። እኔ ደርሶ እባላለሁ፤ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቱ ከሆንኩ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው።

የሚቆጣው በከንቱ አይደለም። ዘንጉ እንዲዞርና ሁሉም የግራሶ ቀዳዳ እንዲገኝ ማርሹ ዜሮ ይሆናል፣ አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ ይነሳና ኋላዋ የሐዲድ እንጨት ላይ ያርፋል። የዚያች መኪና የእጅ ፍሬን ደግሞ የሚይዘው ያንኑ ዘንግ ስለሆነ ያኔ ለምንም አይጠቅምም። መኪናዋን የሚያቆሟት ከፊት ጎማ ፊትና ኋላ የተሸጎጡት ሁለት የእንጨት ታኮዎች ብቻ ናቸው። ግቢው ወደ በሩ ያዘነብላል።

«ታኮ የነካ ከቤቴ ይውጣ» ይላል። አንዴ ሚስቱ ኒዕማት ልትጠርግ ብላ ብታንቀሳቅሰው ሦስት ቀን አኩርፏታል።

ያን ዓርብ እንደ ልማዴ ከሥር ነበርኩ። ቀዳዳውን በጨርቅ ጠርጌ፣ አሮጌው ግራሶ በመጋጠሚያው አራቱም ጫፍ እስኪወጣ ፓምፑን ስገፋ ሐጅ ሙደሲር የሚባል የሰሊጥ ነጋዴ መጣ። የገመድ አልጋ ወጣ፣ ቀዩ የከርከዴ መጠጥ ቀረበ፣ ሰላምታው አላልቅ አለ። እኔ የማየው እግራቸውን ብቻ ነው።

«ሐጅ፣ አልጋዋ ትወዛወዛለች እንዴ?» አለ ዓብዱልባጊ።

«ተወው ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ተመችቶኛል።»

«በኔ ቤት? አይሆንም።»

እጁ ዝቅ ሲል አየሁ። ወሬውን ሳያቋርጥ ከጎማው ፊት ያለውን ታኮ መታ መታ አድርጎ አወጣና በአልጋው እግር ሥር ሸጎጠው። ስንቱን ሰው በታኮ ምክንያት ሲሰድብ የኖረው እሱ ራሱ ነው።

ስሙን ጠርቼ ጮኽኩ። መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። ኋላዋ ያረፈበት የሐዲድ እንጨት ተንሸራተተ፤ ዘንጉ ደረቴን ነካኝ። ዓብዱልባጊ አልጋውን ከነሐጁ ገልብጦ ታኮውን ነጠቀና ጎማው ሥር ከተተው። ጎማው ቆመ፤ የቆመው ግን ሁለት ጣቱን ይዞ ነው።

እየተሳብኩ የወጣሁት በንዴት ነው። እጁን በክሪክ አላቀነው፤ ኒዕማት በጨርቅ ጠቀለለችው። ደሙ እየተንጠባጠበ እሱ ጀላቢያ ቀሚሱ በከርከዴ የቀላውን ሐጅ ይለማመጣል።

«ይቅር በለኝ ሐጅ። እንግዳዬን መሬት ላይ ጣልኩት።» አምስት ጊዜ ደጋገመው።

«እኔስ?» አልኩት። «ልትገድለኝ ነበር እኮ። ለኔ ይቅርታ የለም?»

ግራ ገብቶት አየኝ፤ ከዚያ እሱም ተቆጣ። «ይቅርታማ ለእንግዳ ነው። ምን ነካህ፣ ደርሶ? ለቤት ሰው ይቅርታ ይባላል?»

በጤነኛ እጁ ይዤ ከበሩ አወጣሁት። እየተነታረክን ሐኪም ቤት ደረስን። ነርሷ ስሙን ከጻፈች በኋላ ወደ እኔ ዞራ «አንተ ምኑ ነህ?» አለችኝ።

«ወንድሙ» አልኳት፤ ንዴቴ ገና አልበረደም ነበር።