የንጋት ኮቴ ስፈራ

በቀደም ልጄ ስልክ ደወለችና፣ «እማዬ፣ ለዚህ ለጭንቀቴ ምክር ልሄድ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ እዚያ ምን ያደርጉኝ ይሆን?» አለችኝ። ድምጿ ጥርሷን ልትነቀል የምትሄድ ይመስል ነበር። ሳቄን አፍኜ፣ «ምንም አያደርጉሽም! ያስለፈልፉሻል፤ ከዚያ የቤት ሥራ ይሰጡሻል» አልኳት። «አንቺ ደግሞ በምን ዐወቅሽ?» አለችኝ። በምን ዐወቅሽ ትለኛለች እንዴ! ለካ እሷ ሳትወለድ፣ በደርግ ጊዜ፣ ደባርቅ ላይ የሆነውን ነግሬያት አላውቅም።

ሰው ደባርቅን ሲያነሣ ብርዷን ያማል። ይማ! እኔን ግን ያ ብርድ ዛሬም ይናፍቀኛል። ማለዳ ማለዳ ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል ሽቅብ ወጥቶ ከተማውን ሲውጠው፣ ከበራችን እስከ አጥሩ ያለው አሥር እርምጃ እንኳ አይታይም። ተማሪዎቼ በጋቢ ተጀቡነው፣ በኪሳቸው የገብስ ቆሎ ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ከኋላዬ ቀርጠፍ ቀርጠፍ ይላል። እንዳልሰማሁ እሆናለሁ፤ አንዳንዴማ ዞሬ እጄን እዘረጋለሁ። የሃያ ሁለት ዓመት አስተማሪ ነበርኩ። ጸጉሬ አፍሮ፣ ጫማዬ ባለ ተረከዝ፣ አፌ የማያርፍ። የምንኖረው ከእማዬ ጋር ሁለታችን ነበርን። ታናሽ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ግንባር ነበር።

ደብዳቤው መጀመሪያ በወር በወር ይመጣ ነበር። ከዚያ በሦስት ወር ሆነ፤ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ሬዲዮው ሁልጊዜ ድል ነው የሚያወራው። እገሌ ሞተ የሚል ወረቀት ከመንግሥት አይመጣም፤ ሞተ ብሎ ማውራትም «የጠላት ወሬ መንዛት» ተብሎ ያሳስር ነበር። ስለዚህ መርዶ የሚደርሰው በድሮው መንገድ ነው። ከግንባር የተመለሰ ሰው ለአንድ ሽማግሌ በጆሮው ሹክ ይላል። ሽማግሌዎቹም ተመካክረው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ቤተሰቡ ገና ከመኝታው ሳይነሣ ደጅ ላይ ይቆማሉ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው።

ፊት ለፊታችን አንዲት እናት ነበሩ፤ ልጃቸው ከወንድሜ ጋር በአንድ ቀን የተወሰደ። አንድ ማለዳ አራት ሽማግሌዎች በራቸውን ሲያንኳኩ በመስኮት አየሁ። «ማነው?» አሉ፤ ከፈቱ። ከዚያ ያ ጩኸት! እግራቸው ከድቷቸው ደፉ ላይ ሲወድቁ ከቤታቸው ወጥቶ የሚይዛቸው አንድ ሰው አልነበረም። ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎህ ሲቀድ የሰው ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ጉድ ይፈላል። ልቤ ደረቴን ሊቀድ ይደርሳል። አሁን ሞትኩ እላለሁ። አልሞትም፤ ግን ላቤ እስኪደርቅ ከአልጋዬ አልወርድም። ትምህርት ቤት በየቀኑ አረፍዳለሁ። ርእሰ መምህሩ መጀመሪያ ቀለደብኝ፣ «ጓዲት፣ አብዮቱ እንቅልፍ አይወድም» ብሎ። ቀጥሎ መቀለዱን ትቶ አንድ ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ያ እሑድ የመጣው። ኮቴ ሰማሁ፤ የአንድ ሰው አይደለም፤ የብዙ። በራችን ተንኳኳ። ከፈትኩት። አራት ሽማግሌዎች፣ ነጭ ጋቢ፣ ከዘራ። ከመካከላቸው አንዱ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ልጄ፣ ለአንድ ከባድ ጉዳይ ነው የመጣነው፤ እናትሽን ጥሪልን» አሉ። አልጨረሱም። «ወንድሜን!» ብዬ ጮኽኩ። እማዬ በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች፤ ደረቷን መድቃት ጀመረች። ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ እነሱም ጋቢያቸውን ዐይናቸው ላይ አድርገው ያለቅሱ ጀመር። ግማሽ ሰዓት ያህል ተለቀሰ። በኋላ አንዱ ሽማግሌ እማዬ አጠገብ ተቀምጠው፣ «ለመሆኑ መርዶውን ማን ነገራችሁ? ምነው እኛ ሳንሰማ?» አሏት። «እንዴ! እናንተ ናችሁ እንጂ!» አለች እማዬ። ሽማግሌው ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ። «ኧረ እኛስ ልጅቱን ለትዳር ልንጠይቅ ነው የመጣነው!»

ወይ ጉዴ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እማዬ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች፤ ስቃ ስትጨርስ ደግሞ ተቆጣች፤ ማንን እንደተቆጣች እስከ ዛሬ አላውቅም። ሽማግሌ የላከው ሰውዬ በሳምንቱ ሐሳቡን ቀይሮ ሌላ አገባ። ደግ አደረገ! ከተማው ግን ለወር ያህል የሚያወራው አገኘ። ዛር ነው ያለም ነበር፤ የሰው ዐይን ነው ያለም ነበር። እማዬ ሰባት ቀን ጠበል አስጠመቀችኝ። የደባርቅ ጠበል በዚያ ውርጭ! ከጭንቀቱ በፊት ብርዱ ሊገድለኝ ነበር።

በሰባተኛው ቀን የነፍስ አባታችን ጠሩኝ። ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። «ልጄ፣ ጠበሉን አትተዪ። ነገር ግን ዳባት አንድ ሽማግሌ ሐኪም አለ፤ እሱንም እዪው። እኔም ባንድ ወቅት ቅዳሴ ላይ እጄ እየተንቀጠቀጠ መስቀል መያዝ ቢያቅተኝ እሱ ዘንድ ነው የሄድኩት» አሉኝ። ቄስ እንዲህ ይጨነቃሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። «አባቴ፣ አንቱም?» አልኳቸው። «እኔም» አሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ዳባት መሄድ ጀመርኩ። አውቶቡስ ከተገኘ በአውቶቡስ፣ ካልተገኘ የእህል ጭነት ላይ ወጥቼ። ሜዳው ገብስ ብቻ፣ ሰማዩ ቅርብ፣ ነፋሱ ነጠላዬን ሊወስደው ይታገለኛል። ያ መንገድ! ዛሬ ምቹ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ የዚያን ጭነት መኪና መንገጫገጭ ስናፍቅ ለራሴም ይገርመኛል።

ሐኪሙ እንኳ ሐኪም አልነበሩም፤ ቁስል በማጠብና መርፌ በመውጋት ያረጁ ድሬሰር ናቸው። ዳባት ጤና ጣቢያ፣ ከመርፌ ክፍሉ ጀርባ በምትገኝ ጠባብ ክፍል፣ የተቀቀለ መርፌ ሰሃን ላይ ደርድረው፣ የደነዘዘውን እያነሡ በትንሽ ድንጋይ ይስሉ ነበር። ያን ጊዜ መርፌ አይጣልም። «ተቀመጪ። ንገሪኝ» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሲስሉ ሲሰሙ፣ ሲስሉ ሲሰሙ አንድ ሰዓት ሞላ። «በይ ደህና ግቢ፤ ቅዳሜ ነይ» አሉኝ።

«መርፌውስ?» አልኩ።

«ምን መርፌ?»

«የምወጋው ነዋ!»

ሳቁ። «ይኼ ለአንቺ አይደለም። አንቺን የሚወጋሽ ሌላ ነው፤ እሱን ነው የምናወጣው» አሉኝ። እንዴት ተናደድኩ! መርፌ ሳልወጋ ታከምኩ የሚል ሰው በእኛ አገር ማን አለ? እማዬም ስትሰማ፣ «ወሬ ለማውራት ነው ዳባት ድረስ የሄድሽው? እዚሁ ከእኔ ጋር አታወሪም?» አለችኝ።

ግን ሄድኩ። በሁለተኛው ቅዳሜ መተንፈስ አስተማሩኝ። መተንፈስ እኮ ነው! ልብሽ ሲመታ አትሩጪ፣ አትሸሸጊ፤ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርገሽ፣ ትኩስ ወተት እፍ እንደምትዪው ትንፋሽሽን ቀስ ብለሽ አስወጪ አሉኝ። በሦስተኛው የባሰውን አዘዙኝ። «ከነገ ጀምሮ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተሽ አጥራችሁ በር ላይ ቁሚ። ኮቴ ስትሰሚ አትግቢ። ያለፈውን ሁሉ እንዴት አደሩ በዪ፤ ወዴት እንደሚሄድም ጠይቂው።» አንቱ ሰውዬ ሊገድሉኝ ነው አልኩ በልቤ።

በመጀመሪያው ቀን አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። በጉሙ ውስጥ አንድ ኮቴ መጣ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ «እን... እንዴት አደሩ» አልኩ። ለኪዳን የሚሄዱ መሪጌታ ነበሩ። በነጭ ነጠላ ተሸፋፍኜ ከጉም ውስጥ ስናገር ቢያዩኝ «በስመ አብ!» ብለው ወደ ኋላ ዘለሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ሌላ ሰው አስደነገጥኩ። ሳቄ መጣ፤ ሳቄ ሲመጣ ደግሞ ልቤ ረገበልኝ።

ከዚያ ወዲያ የደባርቅን ማለዳ ዐወቅሁት። ለካ ያ ሁሉ ሲያሸብረኝ የከረመው ኮቴ ገበያ የሚወርድ፣ ማሳ የሚሄድ፣ ሆዱን ቁርጠት ይዞት ሜዳ የሚወጣ፣ በቅሎው ጠፍታበት የሚፈልግ ሰው ነው! ከአዲ አርቃይ ሎሚ ጭነው ሌሊቱን አቀበት ሲወጡ ያደሩ ሰዎች ያልፋሉ፤ አንዳንዴ ሁለት ሎሚ ይወረውሩልኛል። ያቺ የአጥር በር የሰፈር ኬላ ሆነች፤ አንድ ቀን ብቀር «ምነው አመመሽ?» ይሉኝ ነበር። ከሕይወቴ የትኛውን ማለዳ ትመርጫለሽ ብትሉኝ እነዚያን ነው የምላችሁ።

የከበደኝ ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው። «አሁን የምትፈሪውን በቃልሽ ተናገሪው» አሉኝ ሐኪሙ። «ወንድሜ ሞቶ ይሆናል በዪ።» ብድግ አልኩ። «አፍዎን ይቁረጠው!» ከማለት ለትንሽ ነው የተረፍኩት። በእኛ ቤት ክፉ ነገር በአፍ አይጠራም፤ የጠራው ሟርተኛ ነው። በሩን ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ፤ ሁለት ቅዳሜ ቀረሁ። በሦስተኛው፣ ኮቴው እንደገና ሊያስፈራኝ ሲጀምር፣ አፍሬ ተመለስኩ። ሐኪሙ ምንም እንዳልተፈጠረ መርፌ እየሳሉ ነበር።

«ወንድሜ ሞቶ ይሆናል» አልኩ። ወለሉን እያየሁ ነው ያልኩት።

«ከዚያስ?» አሉኝ።

«ከዚያማ ሽማግሌ ይመጣል።»

«ከዚያስ?»

«እማዬ ትወድቃለች። እንደዚያች እናት ትወድቃለች፤ የሚይዛት የለም!» አልኩና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ለካ የምፈራው እሱን ነው። ወንድሜን ብቻ አይደለም፤ የእናቴን መውደቅ ነው።

ድንጋዩን አስቀመጡ። «አንቺስ የት ሄደሽ?» አሉኝ።

እንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁ። «እኔ አለሁ። እኔ እይዛታለሁ» አልኩ። ተነሥተው ትከሻዬን ቸብ አደረጉኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቅዳሜ ሄድኩ፤ በመጨረሻው፣ «እንግዲህ ገበያ ስትመጪ ሰላም በዪኝ እንጂ ለዚህ አትምጪ» ብለው አሰናበቱኝ። እስኪ ልጄን ምን ልበላት? ጭንቀቴ ጨርሶ አልጠፋም። ሲመጣ ግን በሩን ከፍቼ እንዴት አደርክ የምለው እንግዳ ሆነ። ተኛሁ፣ በላሁ፣ ትምህርት ቤት ከሁሉ በፊት ደረስኩ። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖርኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ማባዛት ሳስቆጥር የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጠራኝ። በሩ ላይ ክራንች የያዘ ወጣት ወታደር ቆሟል። የወንድሜ ጓደኛ እንደሆነ፣ አንድ ምሽግ ውስጥ እንደነበሩ ነገረኝ። «እህቴ፣ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ» አለ። «ቆሜ እሰማለሁ» አልኩት። ቆሜ ሰማሁ። ልቤ እንደዚያ ዘመን መታ፤ ትንፋሼን ቀስ ብዬ እያስወጣሁ ጠበቅሁት። ከዚያ ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ሄጄ፣ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ከትቼ፣ ወንድሜን አለቀስኩት። ወይኔ ወንድሜ! ጢሙ እንኳ አልበቀለም ነበር።

የነፍስ አባታችን ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። አልቅሰው ሲጨርሱ፣ «ዛሬ ለእናትሽ ምንም እንዳታሳዪ። ሥርዐቱ ነው፤ ይህቺን ሌሊት በሰላም ትተኛ። ጠዋት ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ፤ አንቺም ወጥተሽ ከእኛ ጋር ቁሚ» አሉኝ። ፊቴን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቤ ቤት ገባሁ። እራት አብረን በላን። እማዬ ስለ ጎረቤት ላም መውለድ አወራችኝ፤ ጥጃው ግንባሩ ላይ ነጭ አለው አለች። ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ እንጃ። ዛሬ አልተኛም ስል እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ስነቃ የእሷ ጋቢ በላዬ ነበር።

ሳላሰማ ወጣሁ። በጉሙ ውስጥ አምስት ነጫጭ ጋቢዎች አጥሩ ጋ ቆመዋል። መካከላቸው ገባሁ፤ ወደ ቤታችን አብረን ሄድን፤ በሩን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። እጆቼን ዘርግቼ ቆምኩ፤ ልትወድቅ ስትል ልይዛት።

ማነው አላለችም። በሩ ወዲያው ተከፈተ። እማዬ ለብሳ፣ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ፣ ወገቧን በመቀነት አስራ ቆማለች። ሽማግሌዎቹን አላየቻቸውም፤ እኔን ነበር የምታየው።

«ትናንት ስትገቢ ፊትሽን አይቼ ዐወቅሁ፣ ልጄ። አንቺ ትንሽ ተኚ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለችኝ።

እግሬ ከዳኝ። የያዘችኝ እሷ ናት።