ቃል የሌለው ዘጠኝ ደቂቃ

ይህ የሆነው አምና፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ካለፈ በኋላ በነበረው ሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ከአእምሮዬ ያልጠፋው በሁለት ምክንያት ነው። እስከዚያ ድረስ በስብሰባ ላይ ከወረቀት ሳላነብ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ደግሞም ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር ሦስት ትልልቅ ሰዎች ፎርም ይዘው ገመገሙት።

ነገሩ ሙዚቃ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ የኮምፒውተር ላብ ውስጥ አንድ የተረሳ ፎልደር አገኘሁ። ማን እንደተወው አላውቅም። በውስጡ ጎዋ ትራንስ የሚባል ሙዚቃ አንድ አልበም ነበር። ጎዋ ሕንድ አገር ያለ የባሕር ዳርቻ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ፈረንጆች እዚያ እየሄዱ ሲጨፍሩ የተፈጠረ ሙዚቃ ነው ይላሉ። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ጨፍሬም አላውቅም። ሠርግ ላይ ሰው ሲያጨበጭብ ሳህን ከሚያጥቡት ጋር ነው የምገኘው።

ሙዚቃው ዘፋኝ የለውም። በአልበሙ መክፈቻ ላይ ከበሮው ቱም ቱም ቱም እያለ ዘጠኝ ደቂቃ ይሄዳል። በላዩ ላይ አንድ ቀጭን ድምፅ እንደ ትንኝ ይዞራል፣ ይጠማዘዛል፣ ይጠፋል፣ ከዚያ ጎረቤቶቹን ይዞ ይመለሳል። መጀመሪያ ስሰማው ኮምፒውተሩ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ራሴን አልጠየቅኩም።

አልበሙ ሲወጣ ብዙ ሰው አልገዛውም ነበር። በኋላ ግን ጥቂት ሰዎች ሙጭጭ አሉበት። ስለዚህ ድምፁን እንደገና አጽድተው አወጡት፤ ሪማስተር ይሉታል። ሪማስተሩ ይጮኻል ተብሎ ስድብ ሲበዛበት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና ሪማስተር አደረጉት። ሦስቱም አሉኝ። ኢንተርኔት ላይ የትኛው ይሻላል እያሉ የሚሟገቱ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ የሚመስሉኝ ወንዶች አሉ። በዚህ ጉዳይ የማይሰዳደቡት ስድብ የለም። እኔ አንብቤ እወጣለሁ እንጂ አንድ ቃል ጽፌ አላውቅም።

አቋም ግን አለኝ። በመጀመሪያው ቅጂ ላይ ከሥር የሚሰማ ሿሿታ አለ፤ ራቅ ያለ ቆርቆሮ ላይ እንደሚዘንብ ዝናብ። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ደግሞ ጠቅ የምትል ትንሽ ድምፅ አለች። የሆነ ሰው እጁ የሆነ ነገር ነክቶ ይመስለኛል። በሪማስተሮቹ ላይ አጥፍተዋታል። እኔ ከሁሉም የምወደው እሷን ነው።

ተመርቄ ወደ ሶዶ ስመለስ አንድ መሥሪያ ቤት በመረጃ ባለሙያነት ተቀጠርኩ። ከሥራ ወጥቼ በእግሬ ኦቶና ሰፈር ወዳለው ቤቴ ስሄድ ኢርፎን አድርጌ አዳምጣለሁ። ፊቴ ላይ ምንም አይታይም፤ በዚህ በኩል ጎበዝ ነኝ። ቢሮ አጠገቤ የምትቀመጠው መስከረም አንድ ቀን “ሁልጊዜ ስብከት ነው አይደል የምትሰሚው? እኔማ እቀናብሻለሁ” አለችኝ። ፈገግ አልኩ። ፈገግታዬን እንደ አዎንታ ወሰደችው፤ እኔም አላረምኳትም። በስድስት ወር ውስጥ መንፈሳዊነቴ በመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ታወቀ። ወሬው ቤተ ክርስቲያናችን ደረሰ። እዚያም የመዝሙር ገምጋሚ ኮሚቴ ጸሐፊ አድርገው መረጡኝ። ጽሕፈቷ ያምራል፣ ደግሞ አትናገርም ተባለ። ሁለቱም እውነት ነበር።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን አዲስ መዝሙር ሲያዘጋጁ መጀመሪያ ኮሚቴው ያዳምጠዋል። ቃሉ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር ይስማማል ወይ፣ መልእክቱ ግልጽ ነው ወይ፣ ምእመን ይዞት ሊዘምር ይችላል ወይ ተብሎ ፎርም ይሞላል። ሰብሳቢው ጋሽ ዳና ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። እህት አስቴር የሴቶች ጸሎት ቡድን መሪ ናቸው። ወንድም ጴጥሮስ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ የአዳራሹን ስፒከር ከእሱ በቀር ማንም አይነካም። ውይይቱ ሲሞቅ ወደ ወላይትኛ ይገባሉ፤ ቃለ ጉባኤው ግን የሚጻፈው በአማርኛ ነው። ስለዚህ በወላይትኛ “ይኼ ጆሮ ይበጣል” የተባለው እኔ ጋ ሲደርስ “የድምፅ መጠኑ መስተካከል እንዳለበት ተጠቁሟል” ይሆናል።

ያን ሳምንት መዘምራኑ ሦስት አዳዲስ መዝሙሮች ሰጥተውኝ ነበር። ፍላሽ ላይ ገልብጬ ነበር ይዤ የሄድኩት። ከአንድ ሥልጠና የተሰጡኝ ሁለት ጥቁር ፍላሾች አሉኝ፤ መንታ ናቸው። በአንዱ ላይ ሦስቱ የአልበሙ ቅጂዎች አሉ። ጠንቃቃ ስለሆንኩ፣ ማንም ቢያየው ምን እንደሆነ እንዳያውቅ፣ ፎልደሮቹን 1፣ 2፣ 3 ብዬ ሰይሜያቸው ነበር።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ተሰበሰብን። ጸሎት ተደረገ። ጴጥሮስ ፍላሹን ሰክቶ “መዝሙር አንድ” አለና ተጫነው።

ቱም ቱም ቱም።

ለማወቅ አንድ ሰከንድ አልፈጀብኝም። ያኔ “ይቅርታ፣ ፍላሽ ተሳስቻለሁ” ብል ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር። ሦስት ቃል ነው። አልወጣልኝም።

ጋሽ ዳና ፎርማቸውን አስተካክለው ቃሉን መጠበቅ ጀመሩ። እህት አስቴር ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለት ደቂቃ ላይ ጋሽ ዳና መግቢያው ረዘም ብሏል አሉ። ሦስት ደቂቃ ላይ ጴጥሮስ በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ መሆኑን አየና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። አራት ደቂቃ ላይ ትንኙ ከነጎረቤቶቹ መጣ። እህት አስቴር ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ፤ እኔ ወረቀቴን አየሁ።

“ቃሉ መቼ ነው የሚገባው?” አሉ ጋሽ ዳና።

“ምናልባት ገና አልተቀዳ ይሆናል” አለ ጴጥሮስ።

ዘጠኙ ደቂቃ አለቀ፤ ቃሉ አልገባም። ፎርሙ ላይ “መልእክቱ ግልጽ ነው?” ለሚለው ጥያቄ ጋሽ ዳና ጥቂት አሰቡና “ገና” ብለው ሞሉ። መዝሙር ሁለት ተከፈተ። ያው ነው፤ በዚህኛው ግን የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። መዝሙር ሦስትም ያው። ጋሽ ዳና ዕድሜ ልካቸውን የፈተና ወረቀት ሲያርሙ የኖሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

“ይኼ ኩረጃ ነው” አሉ። “ሦስቱም ከአንድ ሰው ነው የተኮረጁት።”

ኮራጁ ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልደከሙም። የመዘምራኑ ኪቦርድ ተጫዋች ምናሴ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው። መዝሙር መግቢያ ላይ ያልታዘዘ ነገር ይጨምራል ተብሎ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተመክሯል። በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ አረካ ከተማ በሚደረገው የመዘምራን ጉባኤ ላይ እንዲጫወት ተመርጦ ሦስት ወር ሙሉ ሲዘጋጅ ነበር። የዕረፍት ሰዓት ላይ ዴስክ እየመታ ይለማመዳል እያሉ ተማሪዎቹ ያወሩ ነበር። በስብሰባው ላይ አልነበረም። ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ኪቦርድ እንዳይነካ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜም ቀርቦ እንዲያስረዳ ተወሰነ። ፍላሹ ፖስታ ውስጥ ታሽጎ ጋሽ ዳና ዘንድ ተቀመጠ።

ውሳኔውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጽሕፈቴ እንደሁልጊዜው ያምር ነበር።

ያን ሳምንት ምንም አላዳመጥኩም። ኢርፎኑን ግን ከልማድ የተነሳ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነበር የምሄደው፤ መስከረም ስታየኝ በአክብሮት መንገድ ትለቅልኛለች። ለምናሴ መልእክት እየጻፍኩ አጠፋለሁ። ረቡዕ ዕለት ባጃጅ መቆሚያው ጋ አገኘሁት። ከስቷል።

“እህት ትዕግሥት፣ ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ” አለኝ። “ምን አደረገ ነው የሚሉኝ? ይንገሩኝና ጥፋቴን ልመን።”

“ቅዳሜ ይነበባል” አልኩት።

እስካሁን ድረስ ይህን ዓረፍተ ነገር ሳስታውስ ብቻዬን ብሆንም ፊቴን እሸፍናለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ተቀምጬ አሰብኩ። እጄን አውጥቼ እንደማልናገር አውቃለሁ። ነገር ግን ድምፄ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚሰማበት አንድ ጊዜ አለ። ማንኛውም ስብሰባ ሲጀመር ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበባል፣ ይጸድቃል። የማነበው እኔ ነኝ። መዝገቡን አወጣሁና ከመጨረሻው ውሳኔ ሥር አንድ ተራ ቁጥር ጨመርኩ።

ከሰዓት በኋላ ጸሎት ተደረገ። ምናሴ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እኔ በተለመደው ድምፄ፣ ሳልፈጥን ሳልዘገይ፣ ከተራ ቁጥር አንድ እስከ አምስት አነበብኩ። ቀጠልኩ።

“ተራ ቁጥር ስድስት። የተደመጠው ፍላሽ የወንድም ምናሴ ሳይሆን የጸሐፊዋ የግል ፍላሽ መሆኑ ታውቋል። ጸሐፊዋ ይህን ከመጀመሪያው ምት ጀምሮ እያወቀች ዝም ያለች ሲሆን፣ በዚህም ምክንያት ወንድም ምናሴ ያለ ጥፋቱ ታግዷል። ጸሐፊዋ ወንድም ምናሴን ይቅርታ ትጠይቃለች።”

“በቃለ ጉባኤው ላይ አስተያየት ያለው?” አሉ ጋሽ ዳና። እህት አስቴር እደግፋለሁ አሉ። ጴጥሮስ እጁን አወጣ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ከዚያ ጴጥሮስ እጁን ሳያወርድ “ቆይ” አለ። “ስድስት ላይ ምንድነው ያለችው?”

ጋሽ ዳና መዝገቡን ተቀብለው ራሳቸው አነበቡት። እህት አስቴር ወደ እኔ ዞሩ።

“ልጄ፣ ያንን ነገር አንቺ ነሽ የምትሰሚው?”

“አዎ።”

“በገዛ ፈቃድሽ?”

“አዎ።”

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። መጀመሪያ የተናገረው ግን ምናሴ ነው። የታገደበትን ነገር እሱ እንዳልሰማው፣ ቢያንስ መስማት እንደሚገባው ተናገረ። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው ተባለ። ፖስታው ተከፈተ፤ ሦስቱም በተራ ተደመጡ። መዝሙር አለመሆኑን ካወቁ በኋላ ቃሉን የሚጠብቅ አልነበረም፤ ስለዚህ ድምፁን መስማት ጀመሩ። ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ጴጥሮስ ሁለተኛውን ወደደ። ድምፅ ማለት ይኼ ነው፣ አዳራሽ ይሞላል አለ። ጋሽ ዳና ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ዳጣ በርበሬው በዝቶበታል” አሉ። “ሥጋው የት እንዳለ አይታወቅም። የመጀመሪያው ነው ልክ።”

እህት አስቴር ሦስተኛውን መረጡ፤ ታጥቦ እንደወጣ ልብስ ንጹሕ ነው አሉ። በመጀመሪያው ላይ ያለውን ሿሿታ ግን ከቶ አልወደዱትም። ባለፈው ቅዳሜ እውነተኛ ዝናብ መስሏቸው፣ ግቢ ያሰጡት በርበሬ አሳስቧቸው፣ ስብሰባውን በልባቸው አቋርጠው እንደነበር ገለጹ። ጴጥሮስ ማሽን የማያውቅ ሰው ነው ሿሿታ የሚወድ አለ። ጋሽ ዳና ማሽን የሚያውቅ ሰው ነው ጆሮ የሌለው ብለው መለሱ። ነገሩ ወደ ወላይትኛ ገባ። እኔ “ሐሳብ ተለዋወጡ” ብዬ ጻፍኩ። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ሰዎች በአካል መጥተው ፊቴ የተቀመጡ መሰለኝ። ልዩነቱ የእኛ በጸሎት በመከፈቱ ስድቡ መለስተኛ መሆኑ ነበር።

በዚህ መሃል ምናሴ የመጀመሪያው እንዲደገም ጠየቀ። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ጣቱን አነሳ።

“እዚህ ጋ እጁ ነክቶበታል” አለ። ፈገግ አለ፤ በዚያ ሳምንት የመጀመሪያው ይመስለኛል። “በሌሎቹ ላይ የለችም። ለምን አጠፏት?”

እኔን ነበር የሚያየው። አሥር ዓመት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ጥያቄ ነው፤ ከአፌ ወጥቶ ግን አያውቅም። “እኔም አልገባኝም” አልኩት። በዚያ ክፍል ውስጥ ከወረቀት ላይ ሳላነብ የተናገርኩት የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው።

የምናሴ እገዳ ተነሳ። ሙዚቃው ቃል ስለሌለው ሊገመገም አልቻለም ተባለ። ለጸሐፊዋ ምክር እንዲሰጣት ተወሰነና እሱንም ራሴ ጻፍኩት። መካሪው ጋሽ ዳና ነበሩ። ሁሉም ከወጡ በኋላ ፍላሹን እየመለሱልኝ መከሩኝ፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

“ስለ ሙዚቃው አልናገርም” አሉ። “ግን ስብከት ነው የምትሰማው ብለው ነው እዚህ ያመጡሽ። ሰው እንዲያ ሲልሽ ዝም አትበዪ።”

በማግሥቱ እሑድ አረካ ሄድኩ። ምናሴ ተጫወተ። ከመዝሙሩ በፊት ባለው መግቢያ ላይ፣ ሁሉም ጸጥ ባለበት ቦታ፣ አንዲት ጠቅ የምትል ኖታ ነካ። ጴጥሮስ ስፒከሩ የተበላሸ መስሎት ተነስቶ ወደ ገመዱ ሮጠ። ምናሴ አንገቱን ቀና አላደረገም፤ እኔም ፊቴ ላይ ምንም እንዳይታይ አደረግኩ።

አሁንም በስብሰባ ላይ እጄን አላወጣም። ቅዳሜን ሳስብ አፍራለሁ፤ ረቡዕን ሳስብ የበለጠ አፍራለሁ። ከአረካ በተመለስኩ ማግሥት፣ ሰኞ ዕለት ግን መስከረም ደረጃው ላይ አግኝታኝ የዛሬው ስብከት ስለ ምንድነው ስትለኝ፣ ስብከት እንዳልሆነ፣ ድሮም ስብከት እንዳልነበረ ነገርኳት። ካላመነችኝ ብዬ አንዱን ኢርፎን ሰጠኋት። ግንብ ተደግፋ ብዙ ቆየች።

“ቃሉ መቼ ነው የሚገባው?” አለችኝ።

አይገባም አልኳት። ኢርፎኑን ግን አልመለሰችልኝም።