ያልተከፈተው ፖስታ

መገናኛ ደብተርና ጠመኔ እሸጥ ነበር። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ የቀረውን ያስተማረኝ መንገዱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በሰማንያዎቹ መጨረሻ ቦሌ በነበረች አንዲት ትንሽ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ሆነ ብላቸው የድሮ አስተማሪዎቼ በሳቅ ይሞታሉ። ጠመኔ ላደርስ ሄጄ ከአንድ የፈረንጅ ልጅ ጋር በእርሳስ ዋጋ ስንከራከር ዳይሬክተሯ ሰማች። የአማርኛ መምህሯ በዚያው ሳምንት ለቃ ነበር። ዳይሬክተሯ ራሷ ፈረንጅ ናት፤ አማርኛዋ ግን አያሳፍርም።

"ልጆቹ ካንተ ጋር ሲሆኑ አማርኛ ያወራሉ፤ አስተምርልኝ" አለችኝ።

ደመወዙን ሳልጠይቅ እሺ አልኩ። በነጋዴነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቼ አላውቅም።

ትምህርት ቤቷ የነበረችው በኪራይ ቪላ ውስጥ ነው፤ የእኔ ክፍል ጋራዡ ነበር። ልጆቹ ከየቤታቸው ሽንኩርት፣ የቆመ ሰዓት፣ አሮጌ ጫማ ያመጡና በአማርኛ ይሻሻጣሉ። በተጠራበት ዋጋ ዝም ብሎ የገዛ የቤት ሥራ ይሰጠዋል። እውነቱን ለመናገር፣ ሱቄን ዘግቼ ወደዚያ ጋራዥ የምሄድባቸውን ቀኖች እናፍቅ ጀምሬ ነበር።

ግንቦት ላይ የቤቱ ባለቤት፣ አጥር ለአጥር የምንጎራበታቸው እትዬ፣ "ሰኔ ሲያልቅ ቤቴን ልቀቁልኝ" ብለው በዘበኛቸው ላኩ። ዳይሬክተሯ ሌላ ቤት ስትፈልግ ሰነበተች። ያን ሁሉ የሚጮህ ልጅ የሚያስገባ አከራይ ጠፋ።

"እዚህ ካልቆየን ይዘጋል" አለችኝ።

"ባለፈው ወር የእትዬ ባል የሞቱ ጊዜ ለቅሶ ደርሰሻል?"

"ካርድ ልኬአለሁ።"

"በማን?"

"በዘበኛው። ማስቸገር አልፈለግኩም፤ ብቻቸውን ይሁኑ ብዬ ነው።"

በእኛ አገር ሐዘንተኛን ብቻውን የሚተው ጠላት እንኳ የለም። በዚያ ላይ ወዲያ ማዶ ድንኳን ተተክሎ፣ እኛ ወዲህ ማዶ የስፖርት ቀን ብለን ሙዚቃ ከፍተን ነበር። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ አይቻለሁ። የፈረንጆቹ ጉዳይ ነው ብዬ አፌን ዘጋሁ።

"ቅዳሜ እንሄዳለን" አልኳት። "ስለ ቤቱ አንድ ቃል አትተንፍሺ። ገብተሽ ተቀመጪ፣ ዝም በይ።"

"ለስንት ደቂቃ?"

"ሰዓትሽን አውልቀሽ ነይ።"

ከክፍሌ በክርክር የሚረታት የሌለ የዘጠኝ ዓመት ልጅም፣ ወላጆቿን አስፈቅደን፣ አብራን መጣች። "እግዜር ያጥናዎት" ብለን ተቀመጥን። እትዬ ጥቁር ለብሰው ሶፋው ጥግ ላይ ነበሩ። ብዙ ዝም አልን።

"ሙዚቃው አለቀ?" አሉ በመጨረሻ።

"ጥፋቱ የኛ ነው እትዬ" አልኩ።

"አንተማ ዝም በል። እሷስ የሰው አገር ሰው ናት።"



ዳይሬክተሯ ዓይኗን ቡፌው ላይ ተክላለች። የላከችው ፖስታ እንደታሸገ ተቀምጧል።

"አልከፈቱትም" አለች ቀስ ብላ።

"ከናንተ የሚመጣ ፖስታ መቼም የኪራይ ውል ነው" አሉ እትዬ። "ባሌን ቀብሬ ሳልመለስ ውል ልፈርምልሽ ኖሯል?"

ልጅቷ ማንንም ሳትጠይቅ ተነሥታ ፖስታውን ከፈተች። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን እያየች፣ በጋራዡ አማርኛ እየቆራረጠች ነገረቻቸው።

"ጋሼ በረፍት ሰዓት በአጥር በኩል ኳሳችንን ይመልሱልን ነበር ይላል። ልጆቹ በየቀኑ አጥሩን ያያሉ ይላል። እኛም አዝነናል ይላል።"

እትዬ ካርዱን ተቀብለው ገለበጡት።

"ኳስ ያነሣ ነበር?"

"አዎ። ብዙ ጊዜ" አለች ልጅቷ።

"እኔ የወደቀ መሐረብ አንሣልኝ ስለው፣ ወገቤን ይለኝ ነበር እኮ።" በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ፊታቸው ላይ ፈገግታም ነገር ነበረ። ካርዱን ቡፌው ላይ አልመለሱትም፤ ጉልበታቸው ላይ ያዙት።

ስንነሣ እስከ በረንዳው ሸኙን። ዳይሬክተሯ ቃሏን ጠብቃ ስለ ቤቱ አልተነፈሰችም፤ ከንፈሯን ግን ነክሳለች።

"መስከረም ስትከፍቱ" አሉ እትዬ፣ "ያን የብረት በር ዘይት አድርጉበት። ጠዋት ጠዋት ሲጢጥ ሲል ጆሮዬን በላው።"

መንገድ ላይ ዳይሬክተሯ ክንዴን ያዘችኝ።

"ስለ ቤቱ ምንም አላሉም።"

"ዘይት ግዢ ብለውሻል" አልኳት።