ወንድሜ ይሠራበት ወደነበረው የከሰል ማጣሪያ

ጠዋት፣ ከሰፈራችን ከኔቬ ዮሴፍ

ታላቅ ወንድሜ አለሙ ከሞተ ወዲህ ለብቻዬ ከቤት ስወጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። እናቴ የላከችኝ የሥራ ጓደኞቹን ለተዝካሩ እንድጠራ ነው። ቁልቁለቱን በእግሬ ወርጄ ባሕሩ ዳር ወዳሉት የክራዮት ከተሞች የሚሄደውን አውቶቡስ ያዝኩ። ባሕሩ ዳር ስንደርስ የፋብሪካዎቹ ሽታ በመስኮት ገባ። የአለሙ ልብስ ማታ ማታ እንዲህ ይሸት ነበር። አጠገቤ ያለችው ሴት መስኮቱን ዝጋው ብትለኝ እንቢ አልኳት።

በፋብሪካው

የአለሙ ወንድም ነኝ ስለው አለቃው ግራ ገባው። በዕብራይስጥ፣ “ወንድሙማ እዚህ ይሠራል” አለኝ።

“ወንድሙ” ያለው አድማሱ የሚባል የክርያት ያም ከተማ ልጅ ነው። ዘመዳችን አይደለም። ግን እንደ እኔ ጢሙን አሳድጓል። በእኛ ዘንድ እንዲህ የሚያደርገው የሟች የቅርብ ዘመድ ነው። ማን ፈቀደለት?

አድማሱ ሁለት ረጃጅም የብረት ታንከሮች አሳየኝ። የከሰል ፍርፋሪ ሞልቶባቸዋል። የፋብሪካው የቀለም ፍሳሽ ወደ ባሕር ከመሄዱ በፊት በእነሱ ያልፋል።

“ከሰሉ መርዙን ይመጥጠዋል?” አልኩት።

“አይመጥጠውም፤ ላዩ ላይ ይይዘዋል። በደቃቅ ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ገላው ሰፊ ነው። ቦታው ሲያልቅ ግን መርዙ ዝም ብሎ ያልፋል።”

“ማለቁ በምን ይታወቃል?”

“ከሰሉን አይተህማ አታውቅም፤ ያው ጥቁር ነው። የሚወጣውን ውሃ ትመረምራለህ። አለሙ ነው ያስተማረኝ። ‘የተማረ ወንድም አለኝ፤ እሱ ሲመጣ አንተ ታንከር አጣቢ ትሆናለህ’ እያለ ይስቅብኝ ነበር።”

እኔ አልሳቅሁም። አለሙ ቤት ሲገባ “ደክሞኛል” ብቻ ነበር የሚለኝ። ጨዋታውን ሁሉ ለዚህ ልጅ ጨርሶታል።

ምሳ ላይ አድማሱ ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ ሰጠኝ። “ከአለሙ ጋር እንዲህ ነበር የምንበላ” አለ። ዳቦውን ሳልበላ አስቀመጥኩት። ሌሎቹን ሠራተኞች በሙሉ ለተዝካሩ ጠራሁ። እሱን ዘለልኩት።

መመለሻ

አድማሱ እስከ አውቶቡሱ ማቆሚያ ሸኘኝ።

“ወንድምዓለም፣ እኔስ ልምጣ?”

አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ።

“እናቴ ሁሉንም ጥራ ብላለች” አልኩት።

“ቤሰደር፣ እሺ” አለ። ድምፁ ተሰበረ። ፊቱን ሳላይ ገባሁ።

ቤት

እናቴ የሚመጡትን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። የአድማሱን ጢምም ነገርኳት።

“እናት አለችው?” አለች።

“አልጠየቅሁትም።”

“ምነው ልጄ! በል፣ ከጎረቤት አንድ ፍራሽ ተውሰህ ና።”

“የት ላንጥፈው?”

“ካንተ ጎን፣ ከሐዘንተኞቹ ጋር ነዋ! ታዲያ ከእንግዳ ጋር ልታስቀምጠው ነው?”

ሐዘኑ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ያ መንገድ አስተማረኝ። ትምህርቱ ደስ አላለኝም። ፍራሹን ግን አነጠፍኩ።