የተጠረገ ዱካ

ከደወሌ ድንበር የሚመጡ መኪኖች በሚቆሙበት ዛፍ ሥር አንድ የፓርክ ጠባቂ ተቀምጧል። አረንጓዴ የደንብ ልብሱ ከፀሐይ ብዛት ገርጥቷል፤ በእጁ የግራር ቅርንጫፍ ይዟል። መኪና በቆመ ቁጥር የተሳፋሪዎቹን ፊት ሳይሆን እግራቸውን ያያል። ሲበተኑ ጎንበስ ብሎ አቧራውን በቅርንጫፉ ያስተካክላል።

"አቦ፣ ለሙሽራ ነው የምትጠርገው?" አለችው ሻይ ሻጯ እየሳቀች።

"የለመደብኝ ሥራ ነው፣ እህቴ። ማታ ማታ የፓርኩን መንገድ እንጠርጋለን። ጠዋት ማን ወደ ድንበር እንዳለፈ ከዱካው እናውቃለን።"

"እዚህ ደግሞ ማንን ትፈልጋለህ?"

ቅርንጫፉን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"ልጄን። ከደላሎች ጋር በፓርኩ በኩል ወደ ድንበር አለፈች። የጫማዋን ሶል የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ ዱካዋን አየሁና ለየሁት። የድንበር ወታደሮች እንዳይዟት ብዬ ጠረግሁት።"

ሻይ ሻጯ መሳቋን ተወች።

"ደላሎቹ በረሃው መሃል ጥለዋት እንደሄዱ የሰማሁት ኋላ ነው" አለ። "ፍለጋ ስንወጣ የምንከተለው ዱካ አልነበረም።"

ሌላ መኪና ቆመ። እሱ ጎንበስ አለ። ሻይ ሻጯም ብርጭቆ እንደያዘች ከጎኑ ቁጢጥ ብላ የሚወርዱትን እግሮች ማየት ጀመረች።

"ሶሉን የሰፋህበት ክር ቀለሙ ምንድን ነው?" አለችው ቀስ ብላ።

"ሰማያዊ።"